ተመልካች የሌለው ውድድር
(ስለ አማተር ራዲዮ ውድድር ታሪክ)

በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲደረግ አንድ ተጫዋች ኳሱን በእጁ ቢነካ፥ ዳኛው ባያየው እንኳ በሜዳው ዙሪያ የቆመው ተማሪ ሁሉ «እጅ! እጅ!» እያለ ይጮኻል። ሯጭም መሥመሩን ለቆ ቢሮጥ የሚያየው ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን ተመልካች የሌለው፥ ሜዳውም ለዓይን የማይታይ፥ ተወዳዳሪዎቹም በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀው በየቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠው የሚወዳደሩበት አንድ ውድድር በዓለም ላይ አለ። ይኸውም የአማተር ራዲዮ ውድድር ነው።

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለዚሁ ውድድር ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ያሰብሁት ነገሩ የራዲዮ ነገር ብቻ ስላልሆነ ነው። አዲስ መሣሪያ በተፈጠረ ቍጥር የቀድሞው ሕግ ምን ይሆናል? ያሸነፈው ሰውዬው ነው ወይስ መሣሪያው? ማንም በማያይበት ቦታስ ሕግን የሚያስከብር ማን ነው? የራዲዮ ሰዎች በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ወደ አንድ መቶ ዓመት ያህል ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክራቸውም ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም ይመስለኛል። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የነገሩ መጀመሪያ

አማተር የሚለው ቃል መውደድ ማለት ከሆነ የላቲን ቃል የወጣ ነው። አማተር ራዲዮ ማለትም አንድ ሰው ደመወዝ ሳይቀበልበት፥ ንግድም ሳያደርገው፥ ሥራውን በመውደድ ብቻ የሚሠራበት የራዲዮ ግንኙነት ማለት ነው። ይህን ለመሥራት የሚፈልግ ሰው በአገሩ መንግሥት ዘንድ ተፈትኖ ፈቃድ ይቀበላል፤ የጥሪ ምልክት የሚባሉ ጥቂት ፊደሎችና ቍጥሮችም ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ በዚያ ምልክት በዓለም ሁሉ ይታወቃል።

ጉልዬልሞ ማርኮኒ የተባለው ኢጣሊያዊ በታኅሣሥ ወር 1901 ከእንግሊዝ አገር የተላከውን የሞርስ ምልክት ኒውፋውንድላንድ በምትባለው ደሴት ላይ ሆኖ መስማቱን ለዓለም አስታወቀ። የተላከችው ሦስት ነጥብ፥ ማለት «ኤስ» የምትባለው አንዲት ፊደል ነበረች። ነገር ግን ድምፁን የሰሙት ማርኮኒና ረዳቱ ብቻ ስለ ነበሩ፥ ምልክቱን በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያም ስላልነበረ፥ ብዙ ሰዎች ተጠራጠሩ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አልጠፉም። ማርኮኒም ይህን አይቶ በሚቀጥለው ዓመት ፊላደልፊያ በምትባል መርከብ ሲጓዝ የሚመጣው ምልክት በወረቀት ጥብጣብ ላይ እንዲጻፍ አደረገ፤ የመርከቡም አዛዥ ምስክር ሆነለት። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው በራዲዮ ነገር «ሰምቻለሁ» ማለት ብቻ እንደማይበቃ፥ ምስክር እንደሚያስፈልግ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው የራዲዮ መሣሪያ እየሠሩ ይነጋገሩ ጀመር። የመርከቦችንና የመንግሥትን መልእክት ስላወኩ በ1912 ሕግ ወጣና፥ አማተሮች ከ200 ሜትር በላይ በሆነ ሞገድ እንዳይሠሩ ተከለከሉ። በዚያ ዘመን ረጅም ሞገድ እንጂ አጭር ሞገድ ሩቅ አይደርስም ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፥ ለአማተሮች የተሰጣቸው ማንም የማይፈልገው ትርፍራፊ ነበረ። ያ የተናቀው ሞገድ ግን ዋናው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም አጭር ሞገድ በሰማይ ከፍታ ላይ ካለው በኤሌክትሪክ ኀይል ከተሞላው የአየር ክፍል ጋር እየተጋጨ ወደ ምድር ይመለሳልና፥ በጥቂት ኀይል እጅግ ሩቅ ለመድረስ ይችላል። ይህን በተግባር ካሳዩት ሰዎች መካከል አማተሮች ዋኖቹ ናቸው።

በ1914 ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ መሐንዲስ ሃርትፎርድ ከምትባለው ከተማ ስፕሪንግፊልድ ወደምትባለው ከተማ መልእክት ለመላክ ፈልጎ አልደርስለት ስላለ፥ በመካከል ያለ ሌላ አማተር ተቀብሎ አሳለፈለት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፥ ማክሲም ይህን አይቶ መልእክት እየተቀባበሉ የሚያሳልፉ የአማተሮች ማኅበር በዚያው ዓመት አቋቋመ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ።

በ1921 መጨረሻ ይኸው ማኅበር ፖል ጎድሊ የተባለውን አዋቂ ወደ እስኮትላንድ ላከው። እርሱም አርድሮሳን በሚባል ቦታ በባሕሩ ዳር ድንኳን ተክሎ፥ ወደ 400 ሜትር የሚሆን ሽቦ በሜዳው ላይ ዘርግቶ፥ በብርድና በዝናብ ሌሊቱን ሁሉ ሲያዳምጥ ሰነበተ። ከአሜሪካም ከ20 የሚበልጡ የአማተር ጣቢያዎችን ሰማ። ይልቁንም የምናደንቀው ጎድሊ ብቻውን አለመቀመጡን ነው። የማርኮኒ ኩባንያ መርማሪ የሆነ አንድ ሰው አብሮት እያዳመጠ የሰማውን ይመሰክር ነበረ። ይህን ሰው የመጀመሪያው ዳኛ ልንለው እንችላለን።

በኅዳር ወር 1923 በፈረንሳይ ኒስ የሚኖረው ሌኦን ዴሎይና በአሜሪካ የሚኖረው ፍሬድ ሽኔል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶና ማዶ ሆነው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። በጥቅምት 18 ቀን 1924 ደግሞ በኒው ዚላንድ በአንድ የበግ እርባታ ቦታ የሚኖረው ፍራንክ ቤል ከለንደን ጋር ተገናኘ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ18,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በለንደን በኩል የመለሰለት ግን ሊቅ ወይም መሐንዲስ አልነበረም፤ ሚል ሂል በሚባል ትምህርት ቤት የሚማር ሴሲል ጎይደር የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ ነበረ። እኔም የእርሱ እኩያ ስለ ሆንሁ ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤ ተነካ።

ውድድሩ እንዴት ተጀመረ

ሩቅ አገር ማግኘት እንደሚቻል ከታወቀ በኋላ «ማን ይበልጥ ብዙ ያገኛል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በ1927 የአሜሪካው ማኅበር በአገሮች መካከል የሚደረግ የመልእክት ቅብብል በዓል አዘጋጀ፤ በኋላም በዓል መባሉ ቀርቶ ስሙ ውድድር ተባለ። በ1930 በአሜሪካ ክፍላተ ሀገር መካከል የሚደረግ ሌላ ውድድር ተጨመረ። በ1933 ደግሞ «የሜዳ ቀን» የሚባለው ተጀመረ። በዚህ ቀን አማተሮች ከቤታቸው ወጥተው፥ በሜዳ ድንኳን ተክለው፥ የከተማው መብራት ቢጠፋ፥ ጐርፍ ወይም አውሎ ነፋስ ቢመጣ እንዴት ሊሠሩ እንደሚችሉ ይለማመዳሉ። በዚህ ውስጥ አንድ ብልኅ ደንብ አለ፤ ይኸውም በትንሽ ኀይል የሠራ ሰው ነጥቡ እየተባዛ ይጨመርለታል። ዛሬ ከ5 ዋት ባልበለጠ ኀይል በባትሪ የሠራ ሰው ነጥቡ በአምስት ይባዛለታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 የዛሬው ታላቁ ዓለም አቀፍ ውድድር ተጀመረ። ይህ ውድድር በጥቅምት መጨረሻ በድምፅ፥ በኅዳር መጨረሻ ደግሞ በሞርስ ምልክት፥ ቅዳሜና እሑድ ሳያቋርጥ 48 ሰዓት ይደረጋል። በየዓመቱም በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይካፈሉበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ይጣራል፤ ሌላው የጥሪ ምልክቱን ተናግሮ ይመልሳል፤ ሁለቱም የድምፁን ጥራትና የሚገኙበትን የዓለም ክፍል ቍጥር ይለዋወጣሉ። ለዚህ ውድድር ዓለም በ40 ክፍሎች የተከፈለች ስትሆን ኢትዮጵያ በ37ኛው ክፍል ትገኛለች። ንግግሩ ሁሉ ከጥቂት ሴኮንድ አይበልጥም። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። የድምፅ ጥራት «አምስት ዘጠኝ» ሲባል «እጅግ ጥሩ ነው» ማለት ነው። በውድድር ጊዜ ግን ድምፁ እንደ ትንኝ ቢሰማም፥ በጩኸት መካከል ሦስት ጊዜ «እባክህ ድገመው» ቢባልም፥ ሁሉም ያለ ልዩነት «አምስት ዘጠኝ» ይሰጣል! ይህ ግን ሁሉም የሚያውቀው ልማድ ስለ ሆነ ማንንም አይጎዳም፤ ማንንም አያታልልም። የሚያታልለው ሌላ ነው።

የነጥቡን ነገር በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው በሌላ አህጉር ካሉ 300 ጣቢያዎች ጋር ቢገናኝ፥ ለእያንዳንዱ 3 ነጥብ ስለሚያገኝ 900 ነጥብ አለው ማለት ነው። ያገኛቸው አገሮችና የዓለም ክፍሎች በድምሩ 100 ቢሆኑ 900 በ100 ተባዝቶ 90,000 ይሆናል። አሁን አንድ ተራ ግንኙነት ቢጨምር ድምሩ 90,300 ይሆናል፤ ትርፉ 300 ነው። ነገር ግን ያ አንድ ግንኙነት ከዚህ በፊት ካላገኘው አገር ጋር ቢሆን 903 በ101 ተባዝቶ 91,203 ይሆናል፤ ትርፉም 1,203 ነው። እንግዲህ አንድ አዲስ አገር ከአራት ተራ ግንኙነቶች ይበልጣል። አንባቢ ይህን ቍጥር ያስታውስ፤ የኋላው ጠብ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና።

ሀብታሙና ድኻው

የመጀመሪያው የፍትሕ ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ነበረ። አንዱ በተራራ ላይ ሰፊ መሬት ገዝቶ፥ ብዙ የብረት ማማ አቁሞ፥ በ1,500 ዋት ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ በቤቱ ጣሪያ ላይ አንዲት ሽቦ ዘርግቶ በ100 ዋት ይሠራል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን የተራበን ፈረስ ከጠገበ ፈረስ ጋር እንደ ማሽቀዳደም ነው። ስለዚህ ውድድሩ በክፍል ተከፈለ። እስከ 1,500 ዋት የሚሠሩ ለብቻ፥ እስከ 100 ዋት የሚሠሩ ለብቻ፥ ከ5 ዋት የማይበልጡም ለብቻ ሆኑ። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበትና ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚሠሩበትም ተለየ።

ዳሩ ግን የቦታን ልዩነት ደንብ ሊያስተካክለው አልቻለም። ጨው ባለው ባሕር አጠገብ ያለ ጣቢያ ድምፁ ይበልጥ ሩቅ ይሄዳል። በሰሜን ያሉት በሰማይ በሚነሣው የሰሜን ብርሃን ምክንያት ድምፃቸው ይታፈናል። በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ያሉት ደሴቶች በደንቡ የአፍሪካ ስለ ሆኑ፥ ብዙ አማተሮች ካሉባት ከአውሮፓም ቅርብ ስለ ሆኑ፥ ከአውሮፓ ጋር በተገናኙ ቍጥር ሦስት ሦስት ነጥብ ይሰበስባሉ። ሁለት አውሮፓውያን እርስ በርሳቸው ቢገናኙ ግን፥ አገራቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ፥ የሚያገኙት አንዳንድ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ የገንዘብ አቅም ያላቸው ተወዳዳሪዎች በየዓመቱ ወደ እነዚያ ደሴቶች ይጓዛሉ። በፀሐይ ላይ የሚታዩት ጥቋቍር ነጥቦችም በ11 ዓመት ያህል እየበዙና እያነሱ የአጭሩን ሞገድ መንገድ አንድ ጊዜ ይከፍቱታል፥ አንድ ጊዜ ይዘጉታል፤ በዚህ ግን ማንም ማንንም አይወቅስም።

ኮምፕዩተር በመጣ ጊዜ

በቀድሞ ዘመን ተወዳዳሪው በአንድ እጁ የሞርሱን መምቻ ይዞ በሌላው እጁ በወረቀት ይጽፍ ነበረ። ከአንድ ጣቢያ ጋር በአንድ የሞገድ መደብ ሁለት ጊዜ መገናኘት ነጥብ ስለማያሰጥ፥ ቀደም ብሎ ያገኛቸውን ለማወቅ ሌላ ትልቅ ወረቀት ያዘጋጅ ነበረ። በ1980ዎቹ ኮምፕዩተር ይህን ሥራ ሁሉ ተረከበ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት አጕረመረሙ፤ ነገር ግን ኮምፕዩተሩ የሰማውን ይጽፍ ነበረ እንጂ ለሰውዬው አልሰማለትም።

ሁለተኛው ነገር የከበደ ነበረ። በዚያው ዘመን አማተሮች ኮምፕዩተሮቻቸውን በራዲዮ እያገናኙ፥ በኋላም በኢንተርኔት፥ «እገሌ የሚባለው ብርቅ ጣቢያ በዚህ ሞገድ ላይ ይገኛል» እየተባባሉ ወሬ የሚያቀብሉበትን መረብ ሠሩ። ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው አንድ አዲስ አገር ማግኘት አራት እጥፍ ያተርፋል። በሌሊት ሰባት ሰዓት ሲደክመው መደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቃኘ በጆሮው የፈለገ ሰው፥ ጓደኛው ወሬ አቀብሎት ዘሎ ከሚሄድ ሰው ጋር እኩል ነውን? አይደለም። ስለዚህ «በርዳታ የሚሠሩ» የሚባል ሌላ ክፍል ተከፈተ።

ከሁሉ የሚበልጠው ክርክር የተነሣው በ2008 ነው። በዚያ ዓመት አንድ የካናዳ አማተር የሠራው የኮምፕዩተር ፕሮግራም፥ በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚላከውን የሞርስ ምልክት ሰምቶና ተርጕሞ የጥሪ ምልክቶቹን በመስታወት ላይ ይዘረዝር ጀመር። አሁን ወሬ የሚያቀብል ጓደኛ እንኳ አላስፈለገም፤ መሣሪያው ራሱ ጆሮ ሆነ። የተከራካሪዎቹም ሐሳብ በሁለት ተከፈለ።

አንደኞቹ፦ «መሣሪያው በቤቴ ውስጥ ነው፤ ሌላ ሰው አልረዳኝም። አማተር ራዲዮ ገና ከጥንቱ አዲስ ነገር የሚሞከርበት ሥራ ነው። ኮምፕዩተር እንዲጽፍልን ከፈቀድን እንዲሰማልን ለምን እንከለክላለን? መሻሻልን የሚጠላ ሰው ወደ ማርኮኒ ዘመን ይመለስ» አሉ።

ሁለተኞቹም፦ «መሻሻልን አንጠላም። ነገር ግን በዚህ ውድድር የሚፈተነው የሰው ጆሮ ነው። በብዙ ጩኸት መካከል አንዲት ደካማ ድምፅ ለይቶ ማወቅ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው። ይህን ማሽን ካደረገው እኛ ለምን እንቀመጣለን? ቤታችንን ዘግተን እንተኛ፤ ማሽኖቹ ይወዳደሩ» አሉ።

እኔ ሁለቱንም ባነበብሁ ጊዜ ሁለቱም እውነት ያላቸው መሰለኝ። የታላቁ ውድድር አዘጋጆች የሰጡትም ፍርድ ደስ አሰኘኝ፤ መሣሪያውን አልከለከሉትም፤ ነገር ግን የሚጠቀምበት ሰው በርዳታ ከሚሠሩት ክፍል ይግባ ብለው ወሰኑ። ማለት «የፈለግኸውን ያዝ፤ ነገር ግን የያዝኸውን ተናገር» ነው። ከዚያ ወዲህ ጥፋት የሚባለው መሣሪያውን መያዝ ሳይሆን ደብቆ መያዝ ሆነ።

በኢንተርኔት አማካይነት በሩቅ ያለ መቀበያን ማዳመጥ በተቻለ ጊዜም እንደዚሁ ሌላ ደንብ አስፈለገ። አንድ ሰው በአፍሪካ ተቀምጦ በአውሮፓ በተተከለ መቀበያ ቢያዳምጥ፥ ከአፍሪካ ተሰማኝ ሊል አይችልም። ስለዚህ ማሰራጫውና መቀበያው ሁሉ ስፋቱ ከ500 ሜትር በማይበልጥ ክብ ቦታ ወይም በባለቤቱ ይዞታ ውስጥ እንዲሆን ታዘዘ። እንግዲህ ደንቡ ሁልጊዜ ከመሣሪያው በኋላ እየሮጠ ይደርሳል። ቀድሞት ግን አያውቅም።

ዳኛው በምን ያውቃል?

አንባቢ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በቤቱ ተዘግቶ የተቀመጠውን ሰው ማን ያየዋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ፥ ግንኙነት የሁለት ሰዎች ነገር ነው። አንዱ የጻፈው በሌላው መዝገብ ውስጥም መገኘት አለበት። ውድድሩ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በ5 ቀን ውስጥ መዝገቡን ይልካል፤ ኮምፕዩተሩም በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ግንኙነቶች አንዱን ከሌላው ያስተያያል። ያልተደረገ ግንኙነት የጻፈ፥ ወይም የጥሪ ምልክት ያሳሳተ፥ ያ ግንኙነት ይሰረዝበታል፤ ከዚህም ሌላ ተጨማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ይህም የተደረገው ፍጥነት ከእውነት እንዳይበልጥ ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላም በሌላ መዝገብ እየተመለከቱ ስሕተትን ማረም ክልክል ነው። ልክ በፈተና ጊዜ መምህሩ «እስክርቢቶ አስቀምጡ!» እንደሚሉት ማለት ነው።

በድብቅ ርዳታ የሚቀበለውም ሰው ዱካውን ይተዋል። ብርቅ ጣቢያ በወሬው መረብ ላይ በታየ በደቂቃው ሁልጊዜ ዘሎ የሚገኝ ሰው፥ አንድ ጊዜ ዕድል ነው ቢባል መቶ ጊዜ ዕድል ነው አይባልም። ዳኞቹም በዘመናዊ መቀበያ መላውን የሞገድ መደብ ቀርጸው ያስቀምጣሉና፥ አከራካሪ ነገር ሲነሣ ወደ ኋላ ተመልሰው ያዳምጡታል። «እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሆኖም ሁሉ ነገር አይያዝም። 100 ዋት እሠራለሁ ብሎ 1,000 ዋት የሚሠራውን ሰው ከሩቅ ሆኖ በድምፁ ብቻ ማወቅ እጅግ ያስቸግራል፤ አንቴናው መልካም ነው ወይስ ሰውዬው ዋሽቷል? እዚህ ላይ ከኅሊና በቀር ሌላ ዳኛ የለም።

ሰውና ሰው ብቻ

«ያሸነፈው ሰውዬው ነው ወይስ መሣሪያው?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠው በ1990 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የተጀመረው የዓለም ራዲዮ ቡድኖች ውድድር ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ የዓለም ምርጥ ተወዳዳሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ አገር ይሰብሰቡ፤ ሁሉም በአንድ አካባቢ፥ በአንድ ዓይነት አንቴና፥ በእኩል ኀይል ይሥሩ። በመጀመሪያ ጊዜ በአገሩ አማተሮች ቤት ስለ ሠሩ ጣቢያዎቹ በትክክል እኩል አልነበሩም። በኋላ ግን ይህ ተስተካከለ። በ2010 በሞስኮ አጠገብ፥ በ2014 በአሜሪካ በኒው ኢንግላንድ፥ በ2018 በጀርመን በቪተንበርግ አካባቢ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ፥ ለሁሉም አንድ ዓይነት አንቴና ቆመላቸው። በ2014 የተካፈሉት 59 ቡድኖች ሲሆኑ በ2018 63 ነበሩ። በ2023 ደግሞ በኢጣሊያ በቦሎኛ አካባቢ ተደረገ።

ደንቡ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ማን በየትኛው ድንኳን እንደሚሠራ በዕጣ ይወሰናል። የጥሪ ምልክቱ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተደርጎ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ይከፈታል፤ ይህም የተደረገው በዓለም ያሉ ወዳጆቻቸው አውቀው እንዳያደሉላቸው ነው። በእያንዳንዱም ድንኳን አንድ ዳኛ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ 24 ሰዓት ሙሉ አብሮ ይቀመጣል። አንባቢ ሆይ፥ በ1921 በአርድሮሳን ድንኳን ውስጥ ከጎድሊ ጋር ተቀምጦ ይመሰክር የነበረውን ሰው ታስታውሰዋለህን? ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ነገሩ ወደ ድንኳንና ወደ ምስክር ተመለሰ ማለት ነው።

እኩል መሣሪያ በተሰጠ ጊዜ ሁሉም እኩል ነጥብ ያመጡ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። በአንድ ዓይነት አንቴናና በአንድ ዓይነት ኀይል ከሠሩት መካከል የፊተኛውና የኋለኛው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ልዩነቱ የጆሮ፥ የትዕግሥት፥ መቼ ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው መሄድ እንደሚገባ የማወቅ ነው። እንግዲህ በመሣሪያ ተሸፍኖ የቆየው የሰው ችሎታ እዚህ ላይ ተገለጠ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

አገራችን ለዚህ ውድድር ባይተዋር አይደለችም። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ተቋቁሞ፥ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚባል የጥሪ ምልክት ተማሪዎች ከዓለም ጋር ሲነጋገሩበት ታይቷል። ከኢትዮጵያ የሚጣሩ ጣቢያዎች ጥቂቶች ስለ ሆኑ የእኛ ምልክት በተሰማ ጊዜ በብዙ አገር ያሉ ተወዳዳሪዎች ይሻሙበታል። ሀብታሙ በብዙ ገንዘብ ወደ ደሴት ሄዶ የሚፈልገውን ብርቅነት ለእኛ አገራችን በነፃ ሰጥታናለች።

በመጨረሻ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሒሳብ ፈተና ላይ መምህራችን ለጥቂት ደቂቃ ወጡ። እኔም የጎረቤቴን ወረቀት አይቼ አንድ መልስ ቀየርሁ። መልሱ ትክክል ሆነ፤ ማርክም አገኘሁበት፤ ማንም አላወቀብኝም። ዛሬ አራት ዓመት ሆኖታል። ያን ጊዜ የሠራኋቸውን ሌሎቹን ጥያቄዎች ሁሉ ረስቻቸዋለሁ፤ ያችን አንዲት ጥያቄ ግን አልረሳኋትም፤ «የእኔ ናት» ለማለትም አልቻልሁም። የሁለት ሰዎች መዝገብ ሲተያይ በእኔ መዝገብ ላይ ብቻ የምትገኝ፥ በእውነት መዝገብ ላይ ግን የሌለች ግንኙነት ማለት እርሷ ናት።

እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ከፊታችን ብዙ አዲስ መሣሪያ ይጠብቀናል። ዛሬ ድርሰት የሚጽፍ፥ ሒሳብ የሚሠራ፥ ቋንቋ የሚተረጕም ማሽን ተፈጥሯል። ደንቡም እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቀርቶ እየተከተለ ነው። አንዳንዱ ሁሉ ይከልከል ይላል፤ አንዳንዱ ሁሉ ይፈቀድ ይላል። የራዲዮ ሰዎች በብዙ ጠብ የተማሩት ግን ለእኛም የሚበቃ ይመስለኛል። መሣሪያውን አንፍራው፤ ነገር ግን በእርሱ የሠራነውን በራሳችን ጆሮ እንደ ሰማነው አድርገን አንናገር። ድንኳን ተክሎ፥ እኩል አንቴና አቁሞ፥ አጠገባችን ዳኛ የሚያስቀምጥልን ሰው በሕይወታችን ብዙ ጊዜ አናገኝም። ብዙውን ጊዜ በሌሊት፥ በተዘጋ ቤት፥ ብቻችንን እንቀመጣለንና፥ ያን ጊዜ በመዝገባችን ላይ የሰማነውን ብቻ እንጻፍ።